ሽጉጥ ወደ ማህደሩ ሲመለስ እንዳይባርቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

«ባረቀብኝ» ይባላል፤ ሽጉጡ ራሱ ወስኖ የተኮሰ ያህል። ጤነኛ ሽጉጥ ግን ምላጩ ካልተሳበ አይተኩስም። ወደ ማህደር ሲገባ ከባረቀ ምላጩን የሳበ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ጣት፣ ወይ ልብስ፣ ወይ የማህደሩ የራሱ ቆዳ። አፈሙዙ በዚያች ቅጽበት ከወገብ ቁልቁል ስለሚያይ ጥይቱ የሚያገኘው ዳሌን፣ ጭንን፣ ባትን ወይም የእግርን መዳፍ ነው። ጭን ውስጥ ትልቁ የደም ስር ከተመታ ደግሞ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደሙ ፈሶ ሊያልቅ ይችላል።

ይህ መመሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ኖሯቸው ሽጉጥ ለሚታጠቁ ነው፤ በተለይ በገላንና በዱከም መጋዘኖች፣ በሰበታ ፋብሪካዎች፣ በሱሉልታና በለገጣፎ ግቢዎች ሌሊቱን ጋቢና ካፖርት ደርበው ለሚጠብቁ። አደጋው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ልብሱ ብዙ፣ ብርሃኑ ትንሽ፣ ማህደሩ ያረጀ፣ ሽጉጡም በፈረቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነውና።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ሽጉጥ በፍጥነት እንዲወጣ የሚያስገድድ ሁኔታ ሊኖር ይችላል። በፍጥነት እንዲመለስ የሚያስገድድ ሁኔታ ግን የለም። አሁንም አደጋ አለ ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ ሽጉጡ እጃችሁ ላይ ይቆይ።

ደረጃ 1፦ ማህደሩን ፈትሹ

ለሚከተሉት ፍተሻዎች ሽጉጡ ባዶ መሆን አለበት፤ የጥይቱ አወጣጥ ደረጃ 4 ላይ አለ። ጥይቱንም ሌላ ክፍል አስቀምጡ።

የአፍ ፍተሻ። ሽጉጡን አውጡና ማህደሩን ቀበቶ ላይ እንደታሰረ ተዉት። አፉ ክፍት ሆኖ ቆሟል ወይስ ተጣጥፎ ተኝቷል? ከንፈሩን በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ግፉት። እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ያ ማህደር ከዛሬ ጀምሮ አገልግሎቱ አብቅቷል። ሽጉጡ ሲገባ የታጠፈው ከንፈር ምላጩን ወደሚከበው ቀለበት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሽጉጡን በገፋችሁት ቁጥር ቆዳው ምላጩን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

የምላጭ ፍተሻ። ባዶውን ሽጉጥ አስገቡና በማህደሩ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ምላጩ ያለበትን ቦታ በጣት ጫኑ። ምላጩ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ቆዳው ቀጭን ነው። ምላጩ በከፊልም ቢሆን በዓይን ከታየ ደግሞ ይባስ።

የመገልበጥ ፍተሻ። ፍራሽ ላይ ሽጉጡን ከነማህደሩ ገልብጣችሁ አራግፉ። ማሰሪያው ተቆልፎ ሽጉጡ ከወደቀ ማህደሩ የዚያ ሽጉጥ አይደለም። ለማካሮቭ የተሰፋ ማህደር ውስጥ ሌላ ሽጉጥ መክተት የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑ ግን ልክ አያደርገውም።

ጫማ ሰፊ ወይም ቆዳ ሰፊ ዘንድ የምታሰፉ ከሆነ ሦስት ነገር እዘዙ፦ ቆዳው ወፍራምና ደረቅ ያለ ይሁን፣ አፉ ዙሪያውን በሁለተኛ ቆዳ ይደረብ፣ ማሰሪያው ሲከፈት ወደ ውጭ የሚወድቅ እንጂ ወደ አፉ የሚንጠለጠል አይሁን። ለዚያው ሞዴል የተቀረጸ ጠንካራ ፕላስቲክ ማህደር ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል። ቀበቶውም ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና የማይጣጠፍ ይሁን። የላላ ቀበቶ ማህደሩን ከሽጉጡ ጋር አብሮ ያንከረፍፈዋል፤ ያን ጊዜ ሰው በሌላ እጁ ማህደሩን ደግፎ ይይዝና መዳፉን አፈሙዙ ፊት ያመጣል።

በሐምሌና ነሐሴ ቆዳ ዝናብና ላብ ጠጥቶ ይለሰልሳል። የራሰውን ማህደር ከሰል አጠገብ አታድርቁ፤ ይጨማደድና ቅርጹን ይለቃል። ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት። ክረምቱ ሲወጣ ሦስቱን ፍተሻዎች እንደገና አድርጉ። የታጠፈን ከንፈር በፕላስተር ጠግኖ መጠቀም ፈጽሞ አይሆንም፤ የተላጠው ፕላስተር ራሱ ምላጭ የሚስብ ነገር ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ልብሱን አስተካክሉ

የጃኬታችሁን ታች ጫፍ ያዙና ተመልከቱት። ማጥበቂያ ገመድ አለው? ገመዱ ጫፍ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ፕላስቲክ ትንጠለጠላለች። ይህች ፍሬ በምላጭ ቀለበት ውስጥ በቀላሉ ታልፋለች። ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ገመዱ ከላይ ይወጠራል፣ ፍሬዋ ምላጩ ፊት ትጋደማለች፣ የክንዱ ጉልበት የቀረውን ይጨርሰዋል። የብዙዎቹ ዘመናዊ ሽጉጦች ምላጭ ለመሳብ የሚፈልገው ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚሆን ጉልበት ነው፤ ሽጉጥ የሚገፋ ክንድ ከዚያ በላይ መጫኑን ባለቤቱ እንኳ አያስተውለውም። ገመዱን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ መጨረሻውን ስፉት።

ጋቢና ነጠላ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ዘርፋቸው ቀጭን ስለሆነ ከምላጩ ጋር ሲጠላለፍ በእጅ አይሰማም። ጋቢ ለብሳችሁ ሽጉጥ ልትመልሱ ከሆነ በሽጉጡ በኩል ያለውን ጫፍ አስቀድማችሁ ወደ ሌላው ትከሻ አሻግሩ። የሸሚዝን ጫፍ ሱሪ ውስጥ ክተቱ። የዝናብ ልብስ ሰፊና የሚያንሸራትት ስለሆነ አውልቁት።

ጓንት ሌላው ነው። በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ በኩል ሌሊቱ ሲበርድ ወፍራም የሱፍ ጓንት ይደረጋል። ጣት ምላጩን መንካት አለመንካቱን በጓንት ውስጥ ማወቅ አይቻልም። የተኳሽ እጃችሁን ጓንት አውልቁ ወይም የሌባ ጣቱን ቁረጡት።

ማህደሩ አጠገብ የቁልፍ መያዣ፣ የፊሽካ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ አታንጠልጥሉ።

ደረጃ 3፦ ሽጉጣችሁ እንዴት እንደሚሠራ እወቁ

ሴፍቲ (ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ቁልፍ) በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው መውሰድ አደጋ ነው።

ማካሮቭ፦ ሴፍቲው በግራ በኩል፣ ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ ነው። ወደ ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ ወደ ታች ሲሆን ይተኩሳል። ወደ ላይ ስትገፉት የተነሣውን መዶሻ ቀጭ አድርጎ ያወርደዋል፤ ድምፁ አያስደንግጣችሁ፣ ጣታችሁ ግን ከምላጩ ይራቅ፣ አፈሙዙም ደረጃ 4 ላይ ወደተገለጸው የአሸዋ በርሜል ይይ። ሴፍቲው ተቆልፎ ሳለ አይቀባበልም፤ ማለትም ተንሸራታቹ ብረት ወደ ኋላ አይሳብም።

ቤሬታ 92፦ ሴፍቲው እንደ ማካሮቭ ተንሸራታቹ ብረት ላይ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። በኤፍ ኤስ ዓይነቱ ላይ የሚቆለፈው ወደ ታች ሲሆን ነው። አንድ ጣቢያ ላይ ሁለቱም ሽጉጦች ካሉ በፈረቃ ለውጥ የሚፈጠረው ስህተት ይኸው ነው። ተረካቢው በልማድ ወደ ላይ ገፍቶ «ቆለፍኩ» ይላል፤ ሽጉጡ ግን ለመተኮስ ዝግጁ ነው።

ቶካሬቭ፦ በአብዛኛው ሴፍቲ የለውም። ያለው መዶሻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው፤ ያም በዕድሜ ያልቃል። ጥይት አጉርሳችሁ አትታጠቁት። ጥይት ጎርሶ፣ መዶሻው ተነሥቶ ከሆነ ደግሞ በአውራ ጣት ይዛችሁ ለማውረድ አትሞክሩ፤ እርጥብ ወይም የደነዘዘ አውራ ጣት ይንሸራተታል፣ ሽጉጡም ይተኩሳል። ካዝናውን (እጀታው ውስጥ ያለውን የጥይት መያዣ) አውጡ፣ አቀባብላችሁ ጥይቱን ጣሉ።

ብራውኒንግ (ሃይ ፓወር)፦ በተነሣ መዶሻ የሚቆለፍ ነው፤ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲሆን ይቆለፋል። ምላጩ አጭርና ቀላል ስለሆነ ሳይቆለፍ ወደ ማህደር መመለስ የለበትም።

ግሎክ፦ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። ምላጩ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ በጣት ስትጫን እንደምትለቅ ሁሉ በጨርቅ ስትጫንም ትለቃለች። በዚህ ሽጉጥ ማህደሩና ጣታችሁ ብቻ ናቸው ጠባቂዎቻችሁ፤ ለስላሳ ማህደር ውስጥ መግባት የለበትም።

መሥሪያ ቤታችሁ ካልከለከለ በስተቀር ሁሉንም ሽጉጦች ጥይት ሳያጎርሱ መታጠቅ ይቻላል። ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥ ምላጩ ቢሳብም አይተኩስም። ለጀማሪ የምንመክረው ይህንን ነው።

ደረጃ 4፦ የአሸዋ በርሜልና ጥይት አወጣጥ

ሽጉጥ የሚፈተሽበት ቋሚ ቦታ ይኑር። ባለ 200 ሊትር በርሜል ከላይ ክፈቱ፣ ድንጋይ የሌለው ደረቅ አሸዋ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሙሉበት፣ ውሃ እንዳይገባ በላስቲክ ሸፍኑ። የጥበቃ ቤቱ ቆርቆሮም ሆነ የጭቃ ግድግዳ ጥይት ያቆማል ብላችሁ አትተማመኑ። ኮብልስቶንና ሲሚንቶ ወለል ደግሞ ጥይቱን መልሰው ያስፈነጥሩታል።

1. አፈሙዙን ወደ አሸዋው አድርጉ። ሌባ ጣታችሁን ከምላጩ ቀለበት በላይ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ።
2. ካዝናውን መጀመሪያ አውጡ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።
3. ማካሮቭ ወይም ብራውኒንግ ከሆነ ሴፍቲውን ወደ ታች አውርዱ፤ ቶካሬቭ ግማሽ ላይ ከቆመ መዶሻውን እስከ መጨረሻ ሳቡ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በኃይል አቀባብሉ። የጎረሰ ጥይት ከነበረ ይወድቃል፤ በአየር ላይ ለመቅለብ አትሞክሩ።
4. ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ይዛችሁ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይን እዩ፣ በትንሿ ጣት ዳስሱ። በጨለማ ከሆነ መዳሰሱ ግዴታ ነው።
5. ለሌላ ሰው አሳዩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፈረቃ ስትለዋወጡ ተረካቢው ራሱ አይቶ «ባዶ ነው» ይበል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ሰው ይሞታል። መጀመሪያ ብታቀባብሉ የጎረሰው ይወድቅና ካዝናው ሌላ ያጎርሳል፤ ከዚያ ካዝናውን አውጥታችሁ ባዶ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ። ማካሮቭም ቶካሬቭም ግሎክም ካዝና ባይኖራቸውም የጎረሱትን ይተኩሳሉ።

ደረጃ 5፦ ወደ ማህደር መመለስ

1. ቁሙ። ዙሪያውን ቃኙ። መመለስ እንደሚቻል ወስኑ።
2. ሌባ ጣቱን ከቀለበቱ አውጡ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉ። ቀለበቱ ጠርዝ ላይ አታሳርፉት፤ ከዚያ በቀላሉ ይንሸራተታል።
3. ሴፍቲ ካለው ቆልፉ፤ መቆለፉን በአውራ ጣት ዳስሱ።
4. ሽጉጡን ደረት አጠገብ ያዙ፣ አፈሙዙ ወደ ፊትና ወደ መሬት ይይ።
5. በሌላው እጃችሁ ጋቢውን፣ ጃኬቱን፣ ሸሚዙን ሰብስባችሁ ደረት ላይ አጣብቁ። እጃችሁ እዚያው ደረት ላይ ይቆይ። ማህደሩን ለመክፈት ወይም ለመደገፍ አይውረድ።
6. አሁን ማህደሩን እዩ። «ሳያይ የሚመልስ ጎበዝ ነው» የሚለውን አትስሙ፤ ጎበዝ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ማሰሪያው ወደ ውጭ መውደቁን፣ አፉ ውስጥ ጠጠር ወይም ጨርቅ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሌሊት ከሆነ መብራት ስር ሂዱ።
7. አውራ ጣታችሁን መዶሻው ጀርባ ላይ አሳርፉ። ማካሮቭን በመሰለ ሽጉጥ ምላጩ ከተሳበ መዶሻው ወደ ኋላ መነሣት ይጀምራልና አውራ ጣታችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል፣ ይይዘዋልም። ግሎክ የሚታይ መዶሻ ስለሌለው አውራ ጣቱ የሚያደርገው ተንሸራታቹ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ መያዝ ብቻ ነው፤ መተኮሱን አይከለክልም።
8. በማህደሩ በኩል ያለውን ዳሌ ወደ ፊት ገፋ፣ ትከሻን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፤ አፈሙዙ ከሥጋችሁ ይርቃል። ማህደሩ ሆድ ፊት ከሆነ ይህ ግድ ነው።
9. አፈሙዙን ብቻ አስገቡና ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቁሙ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግፉ።
10. ሽጉጡ ተቀምጦ ሲያበቃ እጀታውን ልቀቁ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ቆልፉ።

ደረጃ 6፦ አልገባ ሲል

መጀመሪያ የምታደርጉት መቆም ነው። «ትንሽ ገፋ ላድርገው» የሚለው ስሜት ነው የሚያስተኩሰው።

በመንገድ ላይ ከጠበቀባችሁ፦ ጣታችሁ ቀጥ እንዳለ፣ ሽጉጡን በገባበት መንገድ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አውጡ። አታጣሙት፣ አታወዛውዙት። አፈሙዙን ወደ አሸዋው መልሱና ማህደሩን እዩ።

ሲወጣም እንቢ ካለ፦ ምላጩን የያዘ ነገር አለ። ሁለቱንም አትታገሉ። እጃችሁን ከምላጩ አካባቢ አርቁ፣ ቀበቶውን ፍቱና ማህደሩን ከነሽጉጡ አውልቁ፤ አፈሙዙ ወደ አሸዋው እያየ በርሜሉ ላይ አጋድማችሁ በሁለተኛ ሰው መብራት እዩት። ጨርቅ ከሆነ በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትጎትቱት።

ሽጉጡ ከእጃችሁ ከሾለከ፦ ይውደቅ። በአየር ላይ ለመያዝ የሚዘረጋ እጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ምላጩን ነው።

ማህደር ሱሪ ውስጥ ለሚታጠቁ ሌላም መንገድ አለ፤ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ማህደሩን ከወገብ አውጡት፣ ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ አሸዋ እያየ አስገቡበት፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ታጠቁ።

የማይመለስበት ቦታ

ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሽጉጥ አይመለስም። አፈሙዙ የራስን ጭንና የጎረቤትን ጉልበት ያያል፤ ቀበቶውም ማህደሩን አጣሞታል። ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ።

ባንክና መሥሪያ ቤት በር ላይ ሽጉጥ አስረክቡ ስትባሉ ሽጉጡን ብቻ መዛችሁ አትስጡ። ማህደሩን ከነሽጉጡ ፈትታችሁ አስረክቡ፤ ስትወጡም እንደዚያው ተቀበሉ። መዝዞ መስጠትና መልሶ መክተት በቀረ ቁጥር አደጋውም ይቀንሳል። ሽንት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሱሪ ሲወርድ ሽጉጡን በጣት አንጠልጥሎ መያዝ ከአደገኞቹ ልማዶች አንዱ ነው።

ልምምድ

ባዶ መሆኑ በሁለት ሰው በተረጋገጠ ሽጉጥ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ደረጃ 5ን በቀን 20 ጊዜ አድርጉ። የምትለብሱትን ልብስ ለብሳችሁ ተለማመዱ፤ በካኒቴራ የተለመደ እጅ ጋቢ ሲደረብ ግራ ይገባዋል። እያንዳንዱን እርምጃ ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩ፦ ጣት፣ ሴፍቲ፣ ልብስ፣ ዓይን፣ አውራ ጣት። ልምምዱ ሲያበቃ «አበቃ» በሉና ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። «አንዴ ልድገም» ጥይት ከተመለሰ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም ያ ነው።

ከባረቀ

1. ጣቱን ከምላጩ አውጡ። ሽጉጡን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት እያየ መሬት ላይ አስቀምጡ። መልሳችሁ ለመክተት አትሞክሩ።
2. ራሳችሁን ከወገብ በታች በእጅ ዳስሱ፣ እጃችሁን እዩ። በድንጋጤ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል።
3. እየፈሰሰ ያለ ደም ካለ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ። እግር ላይ ሆኖ ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ መገጣጠሚያን ሳትነኩ እሰሩ። ማሰሪያው ሰፊ ይሁን፤ አራት አምስት ጊዜ የታጠፈ ነጠላ ይሆናል፣ የጫማ ክር ግን አይሆንም። ዱላ አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አጥብቁ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ሐኪም ሳያየው አትፍቱ። ቁስሉ ብሽሽት ላይ ከሆነ ማሰር አይቻልም፤ ጨርቁን ወደ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ በጉልበት ተጫኑ።
4. 907 ወይም 939 ደውሉ። ከከተማው ዳር ከሆናችሁና መኪና በቅርብ ካለ አምቡላንስ በመጠበቅ ጊዜ አታጥፉ፤ አንድ ሰው እየተጫነ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። የሚጠጣም የሚበላም አትስጡ፤ ጥይቱን ለማውጣት አትነካኩ።
5. ሰው ባይጎዳም ለፖሊስና ለኃላፊያችሁ አሳውቁ። ሽጉጡን፣ ማህደሩንና የወደቀውን ቀለህ ባሉበት ተዉ። ማህደሩ ውስጥ የተገኘው ገመድ፣ ዘርፍ ወይም የታጠፈ ቆዳ ምላጩን ምን እንደሳበው ያሳያልና ማንም ሳያየው እንዳይጸዳ።